ሦስት ቁጥር ለአንድ ከተማ፦ የሆንግ ኮንግ ወረዳዎችና የሕዝብ ጥግግት

ጥያቄ፦ «የከተማ ፕላን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማን ከሆንግ ኮንግ ጋር እያነጻጸርኩ ነው። የሆንግ ኮንግ ጥግግት አንድ ቦታ በካሬ ኪሎ ሜትር 6,700 ሰው ነው ይላል፤ ሌላ ቦታ ኩን ቶንግ 60,000፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ሞንግ ኮክ 130,000። የትኛውን ልጠቀም? ይህን ሁሉ ሕዝብ መሸከም የቻሉት 18ቱ ክፍለ ከተሞች የየራሳቸው አስተዳደርና በጀት ስላላቸው ይመስለኛል። አዲስ አበባ ይህን አከፋፈል ብትወስድ አይጠቅማትም?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ ቁጥሮች ሁለቱ ልክ ናቸው፤ ሦስተኛውን ከጽሑፍዎ ያውጡት። ስለ አስተዳደሩ የያዙት ግምት ግን ጭራሽ ልክ አይደለም። የሆንግ ኮንግ ወረዳዎች ግብር አይሰበስቡም፣ ቤት አይሠሩም፣ ቆሻሻ የሚያነሣውም መኪና የእነሱ አይደለም። ለአጻጻፍ እንዲመች ወረዳ እላቸዋለሁ፤ የእኛ ወረዳ ግን እንዳይመስልዎት። ዓመቶቹም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከ6,700 እንጀምር። የ2021 የሆንግ ኮንግ ቆጠራ 7,413,070 ነዋሪ መዝግቧል። የየብሱ ስፋት 1,110 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢያካፍሉት ያዩትን ቁጥር ያገኛሉ፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ አካፋዩ ውስጥ ተራራው ሁሉ መግባቱ ነው። ከመሬቱ 40 በመቶ ያህሉ ከ1976 ጀምሮ በሕግ የተከለለ የተፈጥሮ ፓርክ ሲሆን ቤት አይሠራበትም። ሕንፃ፣ መንገድ፣ ወደብና ፋብሪካ ያረፈበት መሬት አንድ አራተኛ ቢሆን ነው። ያንኑ ሕዝብ በዚህ ሩብ መሬት ላይ ካካፈሉት በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 27,000 ይመጣል። በእኛ ቋንቋ ሲጻፍ የማየው «ሆንግ ኮንግ በዓለም ላይ በጣም የተጨናነቀች ግዛት ናት» የሚለው አባባልም በአማካዩ ሲታይ ስሕተት ነው። ሲንጋፖር በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 8,000 አላት፤ ጎረቤቷ ማካው ደግሞ ከ20,000 ታልፋለች። ሆንግ ኮንግን ለየት የሚያደርጋት ባዶ ኮረብታና የታጨቀ ሠፈር ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። አማካይ የሚደብቀውም ይህንኑ ነው።

የኩን ቶንግ 60,000ም እውነት ነው። 673,166 ሰው 11.3 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ይኖራል፤ ከ18ቱ በጥግግት አንደኛው ይኸው ነው። ከካውሉን ልሳነ ምድር በስተ ምሥራቅ፣ ወደቡ ዳር ያለ ሠፈር ነው፤ ስሙ ራሱ በጥንት ዘመን ከነበረው የመንግሥት ጨው ማምረቻ የመጣ ነው። በ1950ዎቹ ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ ፋብሪካ ተተከለበት፤ ከኋላው ባለው ዳገት ላይ ደግሞ የሠራተኛው መኖሪያ ተደረደረ። መሬቱ ከሞላ ጎደል ተሠርቶ ስላለቀ አካፋዩ ውስጥ የሚያሳስት ተራራ ብዙም የለም።

ጎረቤቱን ሳይ ኩንግን ይመልከቱ። 489,037 ነዋሪ አለው፤ ስፋቱ 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥግግቱ 3,800 አይሞላም። በወረቀት ላይ ገጠር ነው። አሁን ከኩን ቶንግ ወረዳ የመጨረሻ ጣቢያ ከያው ቶንግ ባቡር ይሳፈሩ። ባቡሩ ኮረብታውን በዋሻ ይሰነጥቅና በሚቀጥለው ፌርማታ ቲው ኬንግ ሌንግ ላይ ያወርድዎታል። የወረዳ ወሰን ተሻግረዋል፤ ሳይ ኩንግ ገብተዋል። ከጣቢያው ወጥተው ቀና ሲሉ የሚያዩት ግን ቅድም የተዉትኑ ነው፦ አርባና ሃምሳ ፎቅ የሆኑ የመኖሪያ ግንቦች፣ ልብስ የተሰጣባቸው መስኮቶች፣ ሥሩ የገበያ አዳራሽ። ይህ ጼውንግ ኳን ኦ የሚባለው በቅርቡ የተቆረቆረ ከተማ ነው፤ ባሕረ ሰላጤ ተሞልቶ የተገነባ። ከወረዳው ሕዝብ አብዛኛው እዚህች ጥግ ላይ ተከማችቷል። የተቀረው ሳይ ኩንግ ደን፣ የውሃ ግድብና የዓሣ አጥማጅ መንደር ነው። በአንድ ፌርማታ ጉዞ ከ60,000 ወደ 3,800 «ወርደዋል»፤ ኑሮው ግን አልተለወጠም። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህችን ፌርማታ ይውሰዱ። የወረዳ ወሰን ለአስተዳደር የተሠመረ መሥመር ነው፤ ሰው የት እንደተጨናነቀ እንዲያሳይ ታስቦ አልተሠመረም።

የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ የደሴቶች ወረዳ ነው። ላንታውን የሚያህል ተራራማ ደሴት ከነአውሮፕላን ማረፊያው ስለያዘ 185,282 ሰው ተበታትኖ የሚኖርበት ያስመስለዋል፤ ጥግግቱ 1,000ን ትንሽ ቢያልፍ ነው። እዚያም ቱንግ ቹንግ ላይ ያሉትን ግንቦች ያየ ሰው ይህን ቁጥር አያምንም።

ወደ 130,000 ልሂድ። ሞንግ ኮክ ዛሬ ወረዳ አይደለም። በ1994 ከያው ጺም ጋር ተዋሕዶ ያው ጺም ሞንግ የሚባለው ወረዳ ተፈጠረ፤ የዚህ ወረዳ ጥግግት በ2021 ቆጠራ 44,000 ገደማ ነው። «ሞንግ ኮክ» ሲባል አንዱ በገበያው ዙሪያ ያሉትን ጥቂት መንገዶች ያስባል፣ ሌላው ሰፋ ያለ ሠፈር ያስባል። መርካቶ የት ጀምሮ የት ያበቃል ብለው አሥር ሰው ቢጠይቁ ምን እንደሚያገኙ ያውቁታል። ወሰኑ ያልተጻፈ ጥግግት ደግሞ መለኪያው ያልታወቀ ጤፍ ነው፤ ኩንታል ይሁን ጣሳ አይታወቅም። ከዚህም በላይ አካፋዩን እያጠበቡ በሄዱ ቁጥር ውጤቱ ያለ ልክ ይወጣል። በ1987 መንግሥት ባደረገው ቆጠራ የካውሉን ቅጥር ከተማ የሚባለው፣ ያለ ፈቃድ እላይ በላይ የተሠራው ሠፈር 33,000 ያህል ሰው በ2.7 ሄክታር ላይ ይዞ ነበር። ወደ ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያዞሩት ከ1.2 ሚሊዮን ይበልጣል። እንዲህ ያለ ካሬ ኪሎ ሜትር ግን በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም፤ የነበረው ሦስት ሄክታር የማይሞላ የሕንፃ ክምር ነው። በ1993 እና 1994 ፈርሶ ዛሬ መናፈሻ ነው። 130,000 የሚለውን አሃዝ የትኛውን ቁራጭ መሬት ለክተው እንዳገኙት እስካልጻፉ ድረስ ከአዲስ ከተማ ጎን አያስቀምጡት።

ወሰን ሲንቀሳቀስ የሚሆነውን ደግሞ አብዛኛው ተማሪ ልብ አይለውም። የዋን ቻይ ወረዳ ሕዝብ በ2011 ቆጠራ 152,608 ነበር፤ በ2016 ግን 180,123 ሆነ። የጎረቤቱ የምሥራቅ ወረዳ በዚያው ጊዜ ከ588,094 ወደ 555,034 ወረደ። ይህን ሰንጠረዥ ያየ ሰው «ሕዝቡ ወደ ዋን ቻይ እየፈለሰ ነው» ብሎ ሁለት ምዕራፍ ሊጽፍ ይችላል። እውነቱ ከ2016 ጀምሮ ቲን ሃውና ቪክቶሪያ ፓርክ የሚባሉት ሁለት የምርጫ ክልሎች ከምሥራቅ ወረዳ ተነሥተው ለዋን ቻይ መሰጠታቸው ነው። ሰዉ ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ወረዳው ተቀየረበት። በእኛም አገር ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሲሆን የሆነው ይኸው ነው። ቦሌ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ300,000 ትንሽ በላይ ሕዝብ ነበረው። ያንን የድሮ ቁጥር በዛሬው ወሰን ላይ የሚያካፍል ተማሪ ውጤቱን ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ ቁጥር በጠቀሱ ቁጥር የቆጠራውን ዓመትና የወሰኑን ዓመት አብረው ይጻፉ።

ሌላም አለ። ቆጠራ ሰውን የሚመዘግበው በሚኖርበት ቤት ነው፤ ቀን የሚውልበትን ቦታ አያውቅም። ዋን ቻይ በ2021 ያለው ነዋሪ 166,695 ነው፤ ጥግግቱ 16,000 ገደማ፣ ለሆንግ ኮንግ ደህና ሰፊ የሚባል። በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ የእግረኛ ድልድዮቹን ያየ ግን እንዲህ አይልም። የአፍሪካ ነጋዴ የሚያውቀው ጺም ሻ ጹይ ያለው ቹንግኪንግ ማንሽንስም እንዲሁ ነው፤ በ1961 የተሠራ 17 ፎቅ ሕንፃ፣ ከታች ስልክና ሰዓት በጅምላ የሚሸጥበት፣ ከላይ ጠባብ የእንግዳ ማረፊያ የተደራረበበት። ለዕቃ መጥቶ አምስት ሌሊት የሚያድረው እንግዳ በነዋሪ ቆጠራ ውስጥ የለም። አዲስ ከተማም መርካቶን ስለያዘ ይህ ጉዳይ እርስዎን በቀጥታ ይነካል። የነዋሪ ጥግግትና የቀን ጥግግት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ለክተው ስለሌላው አያውሩ።

አሁን ወደ አስተዳደሩ። ሆንግ ኮንግ አንድ መንግሥት ያላት ከተማ ናት፤ 18 ከንቲባ የላትም። አራቱ ወረዳዎች በሆንግ ኮንግ ደሴት፣ አምስቱ በካውሉን፣ ዘጠኙ ኒው ቴሪቶሪስ በሚባለው ሰሜናዊ ክፍልና በደሴቶቹ ላይ ናቸው። በየወረዳው የሚቀመጠው ኃላፊ ከማዕከል የተመደበ ሲቪል ሰርቫንት ነው። ይህ አሠራር የመጣው በ1966 እና በ1967 ከተነሡት ሁከቶች በኋላ ነው፤ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ሕዝቡ ምን እንደሚያማርረው የሚሰማበት ጆሮ እንደሌለው ገባውና በ1968 በየሠፈሩ የከተማ ወረዳ ሹሞችን አስቀመጠ። በ1982 በኋላ የወረዳ ምክር ቤት የተባሉት የወረዳ ቦርዶች ተቋቋሙ፣ ምርጫም ተጀመረ። በ1985 ኳይ ጺንግ ከጹን ዋን ተለይቶ ወረዳዎቹ 19 ደረሱ፤ በ1994ቱ ውሕደት 18 ሆኑ።

የወረዳ ምክር ቤቶቹ ሥልጣን ከመጀመሪያው ምክር መስጠት ነው። የአውቶቡስ መሥመር ይቀየር፣ መጠለያ ይሠራ፣ የበዓል ዝግጅት ይደገፍ፣ እንዲህ ያለውን ያነሣሉ፤ ለአነስተኛ ሥራ የሚሆን ገንዘብም ከማዕከል ይደርሳቸዋል። ፖሊስ፣ ሆስፒታል፣ ቤት፣ ውሃ፣ ጽዳት ሁሉ በመላው ግዛት ደረጃ የሚመሩ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው። የፖሊስ ቀጠናና የሆስፒታል ምድብ እንኳ ከ18ቱ ወሰን ጋር አይገጣጠሙም። በ2019 ምርጫ 71 በመቶ መራጭ ወጥቶ 452 ተመራጮችን ሲመርጥ የነበረው የፖለቲካ ትኩሳት ብዙ ሰው ምክር ቤቶቹን እንደ ትልቅ ሥልጣን እንዲያይ አድርጎ ነበር። በ2023 ሕጉ ተለውጦ ከ470 መቀመጫ ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጠው 88 ብቻ ሆነ፤ ድምፅ የሰጠውም 27.5 በመቶ ነው። ሕዝቡን የሚያሠፍረው ማን እንደሆነ ግን ከዚህ ምርጫ በፊትም በኋላም አንድ ነው፦ ማዕከሉ።

ታሪኩን ካዩት ይህ ግልጽ ይሆንልዎታል። በ1953 በገና ሌሊት ሻም ሹይ ፖ ውስጥ ሼክ ኪፕ ሜይ የሚባለው የጎጆ ሠፈር ተቃጠለ፤ ከ50,000 የሚበልጥ ሰው፣ አብዛኛው ከዋናው ቻይና የተሰደደ፣ ሜዳ ላይ ወደቀ። መንግሥት በጥድፊያ የሠራቸው ባለ ብዙ ፎቅ መጠለያዎች የሕዝብ ቤት ፕሮግራሙ ጅማሬ ሆኑ። በ1973 የቤቶች ባለሥልጣን በአዲስ መልክ ተዋቀረ፤ በዚያው ሰሞን ጹን ዋን፣ ሻ ቲንና ቱን ሙን አዲስ ከተሞች ሆነው ተጀመሩ። ጥቅምት 1 ቀን 1979 የመሬት ውስጥ ባቡሩ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው መሥመር የሄደው ከሼክ ኪፕ ሜይ ወደ ኩን ቶንግ ነበር፤ ማለትም ከድሃ ሠፈር ወደ ፋብሪካ ሠፈር። ይህን በአጋጣሚ የሆነ አድርገው አይዩት። መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ከዚያ ሁለቱን የሚያገናኝ ባቡር በአንድ እጅ ታቅደዋል። ዛሬ ከነዋሪው 45 በመቶ ያህሉ የሚኖረው መንግሥት በሠራው የኪራይ ወይም በድጎማ በተሸጠ ቤት ነው። ሥልጣን ለ18 ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ የትኛው ወረዳ የሌላውን ድሃ ተቀብሎ ግንብ ይሠራለት ነበር?

ይህን ስል ግን ማዕከሉን እያሞገስኩ አይደለም። በሆንግ ኮንግ መሬት የመንግሥት ነው፤ ለአልሚ በሊዝ ይሰጣል፣ ከሊዙ የሚገኘው ገቢም በጀቱን ይደጉማል። መንግሥት ራሱ የመሬት ዋጋ እንዲረክስ የማይፈልግበት ምክንያት አለው ማለት ነው። ተራራው ተከልሏል፤ ወደቡን መሙላት ደግሞ ከ1997 ወዲህ በሕግ ተገድቧል። በካውሉን ላይ ሌላም ነገር ነበር፦ ካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያ በ1998 እስኪዘጋ ድረስ አውሮፕላን በጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ ሕንፃ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ ተከልክሎ ነበር። ወደ ላይ መውጣት ያልቻለ ሕዝብ በየፎቁ ውስጥ ተጠቀጠቀ። ዛሬ በሻም ሹይ ፖና በያው ጺም ሞንግ የሚታየው የአሮጌ ሕንፃ መጨናነቅ በከፊል የዚያ ዘመን ውርስ ነው። የመንግሥት የኪራይ ቤት የሚጠብቅ አመልካች አማካይ የጥበቃ ጊዜው በ2022 ወደ 6 ዓመት ደርሶ ነበር።

ያ ወረፋተኛ እስከዚያው የት ይኖራል? ከነዚያ አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ደረጃ ይውጡ። በአንድ ወቅት የአንድ ቤተሰብ የነበረ በር ከፍተው ሲገቡ ጠባብ ኮሪደር ያገኛሉ፤ ግራና ቀኝ አራት አምስት በር፣ ከበላዩ የተደረደረ የመብራት ቆጣሪ። ከእያንዳንዱ በር ጀርባ አንድ አልጋ፣ ከአልጋው ግርጌ ምድጃ፣ ከምድጃው በክንድ ርቀት ሽንት ቤት። በ2021 ቆጠራ እንዲህ በተሸነሸነ ቤት የሚኖረው ሰው ከ200,000 ይበልጣል፤ የነፍስ ወከፍ የወለል ስፋቱ 6 ካሬ ሜትር ነው። የከተማው አጠቃላይ 16 ካሬ ሜትር ነው። የሚፈልጉት «መጨናነቅ» እዚህ ነው ያለው፤ የወረዳው የጥግግት አሃዝ ግን አያሳየውም። ኩን ቶንግ በጥግግት አንደኛ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ሕዝቡ የመንግሥት ቤት ውስጥ፣ የራሱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ይዞ ነው የሚኖረው።

ጥግግት በራሱ ሰው ይገድላል የሚለውንም ይጠንቀቁ። ኩን ቶንግ ውስጥ በሰኔ 1972 ሳው ማው ፒንግ ላይ ዳገት ተንዶ 71 ሰው ሞቷል። የተናደው በቅጡ ሳይጠቀጠቅ የተደለደለ አፈር ነበር፤ ዝናቡ ሲገባበት ፈሰሰ። በ1976 እዚያው ሠፈር እንደገና ተንዶ 18 ሰው ሲሞት በ1977 ዳገትን ሁሉ የሚቆጣጠር የምሕንድስና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በመጋቢት 2003 ደግሞ ሳርስ የሚባለው ወረርሽኝ በዚሁ ወረዳ አሞይ ጋርደንስ የመኖሪያ ግቢ ገብቶ ከ320 በላይ ሰው አሳመመ፤ 42 ሞቱ። ክፉኛ የተመታው 33 ፎቅ ያለው አንዱ ሕንፃ ነበር። መንሥኤው ሲመረመር አንዱ ተጠርጣሪ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ሆነ። ከሥሩ ያለው ሲፎን ውሃ ይዞ የፍሳሹን አየር እንዲያግድ ነው የተሠራው። ሰዉ ግን ወለሉን በውሃ ማጠብ ትቶ በመወልወያ ያጸዳ ስለነበር ሲፎኑ ደረቀ፤ አየር ሳቢው ሲበራ ከዋናው የፍሳሽ ቧንቧ የተበከለው አየር ወደ ቤት ተሳበ። ቧንቧ ሠሪዎቻችን ሲፎን ሳያስገቡ ሲቀሩ «ይሸታል» ብለን ብቻ እናልፋለን። በየፎቁ ስምንት ቤት በተደረደረበት ሕንፃ ነገሩ ከሽታ ያልፋል።

እንግዲህ ጽሑፍዎን በዚህ መልክ ያስተካክሉት ብዬ በጽኑ እመክራለሁ። አዲስ ከተማን ከመላው ሆንግ ኮንግ ጋር ማነጻጸሩን ይተዉት፤ ክፍለ ከተማን ከግዛት ጋር ማወዳደር ነው። ኩን ቶንግንም ይተዉት፤ የታቀደ የፋብሪካና የሕዝብ ቤት ሠፈር ስለሆነ ከአዲስ ከተማ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር ጥቂት ነው። ሻም ሹይ ፖን ይያዙ። 9.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 431,090 ሰው፣ ጥግግቱ 46,000 ገደማ፣ አሮጌ የገበያ ሠፈር፣ ጨርቅ በጥቅል የሚሸጥበት፣ አፕሊው ጎዳና ላይ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ መሬት ላይ የሚዘረጋበት። አዲስ ከተማ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 7.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ250,000 በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ወደ 34,000 ይመጣል። ሁለቱ በስፋትም በባሕርይም ይቀራረባሉ። የእኛ ቆጠራ አርጅቷልና ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉት፤ ወሰኑንም ዛሬ ካለው ጋር ያመሳክሩ።

ከዚያ 34,000ን ደግመው ይዩት። የሻም ሹይ ፖ ሕዝብ እላይ በላይ ተደራርቦ ነው 46,000 የደረሰው። አዲስ ከተማ ግን በዚያ ቆጠራ ጊዜ በአብዛኛው ባለ አንድ ወለል የጭቃ ቤት ይዞ ነው የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል የተጠጋው። ፎቅ ሳይኖር ይህን ያህል ሰው የት ገባ? መልሱ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ በቆጥ፣ በኮምፔንሳቶ ክፍልፋይ፣ በአንድ ቀበሌ ቤት በሚያድሩ ሦስት ትውልዶች። ስለዚህ የጽሑፍዎ ዋና መለኪያ የነፍስ ወከፍ የወለል ስፋት ይሁን፤ በካሬ ኪሎ ሜትር የሚለውን እንደ ሁለተኛ መረጃ ብቻ ያስገቡት። ከሆንግ ኮንግ በኩል የ2021 ቆጠራ አሃዝ አለልዎት። የቆጠራው ውጤት ከወረዳ በታች በሚገኙ ትናንሽ የፕላን ክፍሎችም ስለታተመ ሻም ሹይ ፖን በአንድ አማካይ አይለፉት፤ የመንግሥት ቤት ያለበትን ቁራጭና አሮጌው ገበያ ያለበትን ለያይተው ያስቀምጡ።

አዲስ አበባ አከፋፈሉን ብትወስድ ላሉት፣ የምትወስደው አከፋፈል የለም። ያላት ክፍለ ከተማ ከሆንግ ኮንግ ወረዳ ይልቅ ብዙ ሥልጣን አለው። መወሰድ የሚገባው ዳገት የሚቆጣጠረው ቢሮና ቤትን ከባቡር ጋር አያይዞ የማቀድ ልምድ ነው፤ እንዳይወሰድ የምሠጋው ደግሞ የከተማ በጀትን በመሬት ሊዝ ዋጋ ላይ ማንጠልጠልን ነው፤ እኛም መሬትን በሊዝ የምንሰጥ ነንና ወደዚያ መንሸራተት ቀላል ነው።

ከአዲስ ከተማ በኩል የወለል ስፋት አሃዙን ራስዎ መሰብሰብ ይኖርብዎታል። ሁለት መንደር ይምረጡ፣ በየመንደሩ ሠላሳ ያህል ቤት፣ በዕጣ እንጂ በትውውቅ አይሁን። ሜትር ይዘው ይግቡ፤ ቆጡንም ይለኩ፣ ግን ለብቻው ይመዝግቡ። «ስንት ሰው ይኖራል?» ብለው አይጠይቁ፤ የኪራይና የኩፖን ነገር ስላለ ቁጥሩ ይቀነሳል ወይ ይጨመራል። «ትናንት ማታ እዚህ ስንት ሰው አደረ?» ይበሉ። የጋራ ሽንት ቤቱን ለስንት አባወራ እንደሆነ ሳይጠይቁና ሲፎን እንዳለው ሳያዩ አይውጡ።